ሁለት ሮዝ ነጥቦች

ጋሽ ኤጀታ እጃቸውን ጨብጠው አንጓቸውን ሲዘረጉላት፣ ሶልያና የመኪናውን ቁልፍ አምጪ ያሏት መሰላት። ጣታቸው አልከፈት ሲላት ቁልፉን በጡጫቸው መሃል ልትወሽቅ ሞከረች። ሰውየው ሳቁ። እጃቸው ግራሶ ስለነካው ሰላም ሊሏት የዘረጉት አንጓቸውን ነበር። ሶልያና አፍራ አንጓቸውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ትንሽ ቆይተው ግን እውነትም ቁልፉን ጠየቋት።

«ተይልኝና ሂጂ፤ ሲያልቅ እደውልልሻለሁ» አሉ።

«እዚሁ ብቆይ ይሻለኛል» አለች።

ጋሽ ኤጀታ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጎተቱላት። በሥራ ቀን የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ባለው ቤታቸው ጋራዥ የአበሻ መኪና ይሠራሉ። የሶልያና መኪና ከገና ጀምሮ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ጋሽ ኤጀታ ባለፈው ሳምንት ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና ካምሻፍቱ ተበልቷል አሏት። ካምሻፍት ማለት የሞተሩን ቫልቮች በየተራ የሚከፍት ዘንግ እንደሆነ ያወቀችው ቤቷ ገብታ ስታነብ ነው።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቡርንስቪል የሚባለው ከተማ መድረስ አለባት። ከተመረቀች ከስምንት ወር በኋላ ያገኘችው የላብራቶሪ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ከምትኖርበት አፓርትመንት በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። የቀጠረቻት ሴት በመጀመሪያው ቀን ያልመጣ ሰው በማግስቱም እንዳይደክም ብላ በስልክ ነግራታለች።

ይህን ያህል ጉዳይ በማታውቀው ሰው እጅ መጣሉ አላስተኛትም። አባቷ ደጀኔ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቷል። አንድ ጊዜ መኪናውን ጋራዥ አሳድሮ ሲመለስ ደህናው ካርቡራተር ወጥቶ ያለቀለት ገብቶ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ባትሪውንም ጎማውንም በሚስማር ጫር ሳያደርግበት ለመካኒክ ሰጥቶ አያውቅም። ትናንት ሲደውል፣ ከመኪናሽ አጠገብ እንዳትጠፊ፣ ዕቃው ላይ ምልክት አድርጊበት ብሏት ነበር። አሜሪካ እኮ ነው አባባ ብትለው፣ መካኒኩስ የየት አገር ሰው ነው ሲል ጠየቃት።

ስለዚህ መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች፤ ገጽ ግን አልገለጠችም። በጋራዡ የጓሮ መስኮት በኩል በረዶ ላይ የቆመ መኪና ይታያል። የሷው ዓይነት፣ የሷው ሞዴል ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ በሸራ ተሸፍኗል። የማን ነው ብላ ስትጠይቅ ጋሽ ኤጀታ «የኔ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሶልያና አንዴ የራሷን፣ አንዴ የጓሮውን እያየች ነገሩን በልቧ ታሰላ ጀመር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ በሩን ከፈት አድርገው ቁርስ ብዪ አሏት። በላሁ አለች። ጋሽ ኤጀታም፣ ብርድ ነው፣ ግቢና ሻይ ጠጪ ሲሉ ጨመሩ። ለምንድን ነው ባልና ሚስቱ እየተቀባበሉ ከዚህ ሊያስነሱኝ የፈለጉት ስትል አሰበች፤ ወንበሯንም ወደ መኪናው ጠጋ አደረገች።

ጋሽ ኤጀታ ሲሠሩ አያወሩም። የሞተሩን ክዳን አነሱ። ከካምሻፍቱ ጫፍ ላይ የታሰረ ጥርሳም ክብ ብረት አለ፤ በጥርሶቹ ላይ ሰንሰለት ይዞራል። ከመፍታታቸው በፊት የሴት ልጃቸውን ሮዝ የጥፍር ቀለም ከመደርደሪያ አወረዱና አንዱን ጥርስ ነጠብ፣ ከጎኑ ያለውን የሰንሰለት ቀለበት ነጠብ አደረጉ። ሶልያና ይህን አየች። ምልክት ማድረግ የባለ መኪና ሥራ ነው፤ መካኒክ ለምን ያደርጋል? የትኛው የሷ፣ የትኛው የጓሮው መኪና እንደሆነ እንዳይምታታባቸው ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አልታይ አላት። መጠየቅ ግን አልሆነላትም።

አሮጌውን ካምሻፍት አውጥተው የተበላውን ቦታ አሳዩዋት። ጣቷን አሳለፈችበት፤ ለሷ ብረት ብረት ነው። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ካምሻፍት አመጡ። ከየት እንደተገኘ ብትጠይቅ «ተገኘ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ለምሳ ሲገቡ ጥርሳሙ ብረት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሶልያና በሩን አየች። ተነሥታ በሶፍት አንዱን ጥርስ ዘይቱ እስኪለቅ ድረስ ወለወለች፤ በሮዙ ቀለም የራሷን ነጥብ አደረገችበት፣ ከሳቸው ነጥብ ሦስት ጥርስ አልፋ። እስኪደርቅ እፍ ብላበት ወንበሯ ላይ ተመልሳ መጽሐፉን ገለጠች።

ጋሽ ኤጀታ ተመልሰው ብረቱን በቤንዚን አጠቡት፤ ሌላኛው ካምሻፍት ላይ አሰሩት፤ ሰንሰለቱን መለሱበት። ሶልያና አንገቷን አስግጋ ሮዝ ነጥብ ስታይ ትንፋሿ መለስ አለ። የኔው ነው፣ አልተቀየረም አለች በልቧ።

ጋሽ ኤጀታ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት በረጅም የቡሎን መፍቻ ቁልፍ በእጃቸው የማዞር ልማድ አላቸው። አዞሩ። ቁልፉ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ቀጥ አለ። መለስ አድርገው ቀስ ብለው ሞከሩ። ያው ነው። ቁልፉን አስቀምጠው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።

«ቫልቩ ፒስተኑን እየነካ ነው» አሉ። «ታይሚንጉ ስቷል፤ ካምሻፍቱና ፒስተኑ ተራቸውን አልጠበቁም። በእጅ ስለሆነ ምንም አልሆነም እንጂ፣ አስነስተነው ቢሆን ሞተርሽ አለቀለት ነበር።» ተነሥተው በባትሪ እያበሩ አዩ። «ነጥቡ ከነጥቡ ጋር ገጥሟል። ካምሻፍቱ እንዳልል ከራሴው መኪና ነው የፈታሁት፤ አዲስ ቢታዘዝ ለሰኞ አይደርስልሽም ብዬ። እንደሚሠራ አውቃለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ልጄ ‹ዓይንህ ደክሟል፣ የሰው መኪና ተው› ስትለኝ ከርማለች። ይቅርታ አድርጊልኝ። በጎታች መኪና ቶው እናስደርገውና ሰኞ ትልቅ ጋራዥ ይየው።»

ሶልያና ነጥቡ ጥርሱና ሰንሰለቱ እንደነበሩ መልሰው እንዲገጥሙ እንደሆነ የገባት አሁን ነው። ዝም ብትል ሥራው ይሄዳል፤ እኒህም ሰው ዓይናቸው የከዳቸው መስሏቸው ይቀራሉ። ብትናገር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ ስትጠብቃቸው እንደዋለች ያውቃሉ። መጽሐፉን ዘጋች።

«ጋሽ ኤጀታ፣ ይሄኛው ነጥብ የእርስዎ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። ምሳ ሲገቡ ነው ያደረግሁት። የእርስዎ ሲታጠብ ለቀቀ መሰለኝ። እኔ ዘይቱን ጠርጌው ነበር።»

«ለምን?»

ልረዳዎት ብዬ ነው ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «እንዳይቀየር ብዬ» አለች።

ነጥቡን በጣታቸው ዳሰሱት። አልጮሁም።

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ታክሲ ነጂ ነበር።»

«አባትሽ ልክ ነው» አሉ ጋሽ ኤጀታ። «እኔም አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ ቀይሬያለሁ። ወጣት ነበርኩ። የአንዱን ባለ ታክሲ ደህና ካርቡራተር አውጥቼ ሸጥኩ። ሰውየው ጠዋት መጥቶ ሥራህ ጥሩ ነው ብሎ አመሰገነኝ።» ጨርቁን አነሡ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ የሰው ቡሎን አልወሰድኩም። ግን ይሄን አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

ሶልያና ያ ታክሲ በየት መስመር ይሠራ እንደነበር ልትጠይቃቸው ፈለገች። ሳትጠይቃቸው ተነሥታ ወደ መኪናው ቀረበች። ሰውየውን ካየቻቸው ጀምሮ እንደዚያች ደቂቃ አጥብቃ አልጠረጠረቻቸውም፤ እንደዚያች ደቂቃም አላመነቻቸውም።

ከዚያ በኋላ እንደገና ፈቱት። ፋብሪካው ለማስተካከያ ያደረገው ምልክት በዝገት ስለጠፋ ጋሽ ኤጀታ ካንዴላውን፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን፣ ነቅለው ረጅም ካቻቢቴ በቀዳዳው ወደ ፒስተኑ አወረዱ፤ ያዢና ሽቅብ መውጣቱን ሲያቆም ንገሪኝ አሏት። እሳቸው ከታች በቁልፉ ያዞራሉ፣ ሶልያና ከላይ «አሁን» ትላለች። አምስት ጊዜ ደገሙት። ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ከሥራው ውጭ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩ ተነሣ፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅም አልነበረም።

ሰኞ ሶልያና ቡርንስቪል ሩብ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። በሰኔ ፍሬን ለማሠራት ስትደውል፣ ጋሽ ኤጀታ ጤንነቷን ጠየቋት፤ መኪናሽን ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻላል ብለውም የሌላ መካኒክ ስልክ ቁጥር ሰጧት።