ገጽ አሥራ ሁለት

የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዕቅዴ ከዩኒቨርሲቲው ስትራቴጂ ጋር እንዲጣጣም ታዝዣለሁ፤ ያን ጡብ የሚያህል ሰነድ ግን ማን ያነበዋል? ሰርቨርም ልጠይቅ ገመድ፣ ከሥሩ «በስትራቴጂው ገጽ አሥራ ሁለት መሠረት» ብዬ እለጥፋለሁ። አምናም በዚሁ ነው ያለፍኩት።

ዘንድሮ ግን በዕቅድ ግምገማው ስብሰባ ላይ ፕሬዚዳንቷ መነጽራቸውን አድርገው «እስቲ አዲሱን ስትራቴጂ አምጡልኝ» አሉ። ገጽ በገጽ ገለጡት።

«ወንድሜ፣ አንብበኸዋል?»

«እንዴታ፣ ክብርት ፕሬዚዳንት!» አልኩ።

«እንግዲያው ገጽ አሥራ ሁለትን ጮክ ብለህ አንብብልን።»

ተቀብዬ አነበብኩ፦ «የኮምፒውተር ክፍሉ ተዘግቶ ሥራው ለውጭ ድርጅት ይሰጣል።»

ፕሬዚዳንቷ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ከስትራቴጂያችን ጋር እንዲህ የተጣጣመ ዕቅድ አይቼ አላውቅም» ብለው ፈረሙበት።