«ግቡ ብለዋል?»

ዐቃቤ ሕጉ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ጠበቃዋ ሊዲያ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ቢሮዋ ተነስተው ፍርድ ቤቱ በር እስኪደርሱ ገነቴን አንድ ነገር ብቻ ስትለምን መጣች።

«እትዬ ገነቴ፣ ግቡ አላልኩም ይበሉ። ፖሊሶቹ ማዘዣ ሳይዙ ነው የመጡት። ሰው ቤቱን ቢከላከል ሕግ አለለት። ግቡ ብያለሁ ካሉ ግን ልጅዎ ኤልያብ ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ደብዳቢ ሆኖ ይቀራል።»

«ብያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

ነገሩ የሆነው በያሆዴ፣ በሀዲያ የዘመን መለወጫ ነው። በያሆዴ ቀን የሀዲያ ሰው በሩን አይዘጋም፤ የመጣ ሁሉ ከእንሰት የሚሠራውን፣ ቅቤ የጠጣውን አታካና ሳይቀምስ አይወጣም። ዩኒፎርም ያልለበሱ ሁለት ጎረምሶች ደጅ ቢቆሙ የልጇ ጓደኞች መሰሏት። «ግቡ፣ ግቡ! ምን ይገትራችኋል?» አለች። ረጅሙንማ በእጇ አጎረሰችው። ጎረሰና አፉን ጠርጎ፣ «ፖሊስ ነን። የተሰረቀ ጄኔሬተር እዚህ አለ ተብሏል» ብሎ ወደ ጓዳ ተነሳ።

ጓዳ የኤልያብ ሚስት ጣቢታ ከነጨቅላዋ ተኝታለች። ኤልያብ በሩን ያዘ። «አራስ አለች። ወረቀት ካላችሁ አሳዩኝ።» ገፈተሩት። ጣቢታ ጮኸች። ኤልያብ ዘነዘና አነሳና የረጅሙን ክንድ ሰበረው። ቤቱ ተገለባብጦ ተፈተሸ፤ ጄኔሬተር የሚባል አልተገኘም።

ገነቴ በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ለልጄ ስል እዋሻለሁ» ብላ ችሎት ገባች። «አላልኩም» የምትለዋን ቃል በከንፈሯ እያመላለሰች መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛ ማለች። ኤልያብ ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት ቆሟል።

«ግቡ ብለዋል?» አላት ዐቃቤ ሕጉ።

«ብያለሁ!» አለች። እንዴት እንደወጣት እሷም አላወቀችም። «ሳሎን ግቡ ነው ያልኩት! አራስ አልጋ ድረስ ግቡ የሚል ሰው የት አገር አለ?»

ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ጓዳ ሲገቡስ ውጡ ብለዋቸዋል?»

«ለበዓል የገባን ሰው?»

«ብለዋል ወይስ አላሉም?»

ወደ ኤልያብ ዞረች። ዳኛው እንድትመልስ አዘዟት።

«አላልኩም።»

ሊዲያ አንገቷን ደፋች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ኤልያብ በካቴና ሲያልፍ ጎንበስ አለላት። «እማ፣ በቃ። ባትይም ይገቡ ነበር።»

«ባልላቸው ሕጉ ያንተ ነበር!» አለች። «ያንተ ነበር እኮ!» እየጎተቱ ወሰዱት።

ደጅ ረጅሙ ፖሊስ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቆሟል። ሲያያት ደነገጠ፤ መሄጃ አጣ።

«ማዘር… እንዴት ነዎት?»

አፏን የከፈተችው ልትረግመው ነበር።

«ክንድህ ተሻለህ?» አለችው።

ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።