አጎበር ውስጥ ያለው አረም

የግቢው ሌላዋ ተከራይ ናዲያ ደውላ «እትዬ የሺአረግ አጎበርሽን ሊያነሱት ነው፣ ፍሊትም ይዘዋል» ስትላት ቤዛዊት ኦሎምፒያ ላይ ትራፊክ የያዘው ታክሲ ውስጥ ነበረች። ወዲያው ወርዳ ራይድ ጠራች፣ ግን እሱም የሚሄደው በእግር እንደመሄድ ነው።

አከራይዋ እትዬ የሺአረግ ነገ የማኅበር ተረኛ ናቸው። ተረኛ ሲሆኑ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያልተጠረገ ነገር አይተዉም። የቀረው ግቢው ውስጥ የተዘረጋው የቤዛዊት አጎበር ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ቅንጬ አረም ነው፣ ያ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር የሚፈላው ነጭ አበባ። ይሄኛው ግን ታሟል። ከሩዝ የሚያንሱ ዘላይ ነፍሳት ጭማቂውን ሲመጥጡ ባክቴሪያ ያስተላልፉበታል፤ አበባው ቅጠል ይሆንና ዘር አይሰጥም። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ማሳየት የቤዛዊት መመረቂያ ሥራ ነው። ለአከራይዋ ግን «ለትምህርት ነው» ብቻ ብላ አለፈች፣ አይፈቅዱልኝም ብላ።

ሰሚት ደርሳ በሩን ስትገፋ እትዬ የሺአረግ ፍሊቱን በአንድ እጃቸው ይዘው የአጎበሩን ጫፍ በመጥረጊያ አንስተውታል። ነፍሳቱ ወጥተው እየዘለሉ ነው። ከጎኑ ደግሞ የሴትየዋ ባቄላ ገና አበባ ማውጣቱ ነው።

«አይርጩበት፣ እባክዎ እትዬ!»

«ትንኝ ነው እንዴ የምታረቢው?»

ቤዛዊት መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከነፍሳቱ አንዷ ባቄላው ቅጠል ላይ ስታርፍ አየቻት። አጎበሩን ብትዘጋ ሥራዋ ይተርፋል። ያመለጡት ግን ባቄላውን ያሳምሙታል።

«በሽታ ይዘዋል» አለች። «ወደ ባቄላውም ይጋባል። አበባው ሁሉ ቅጠል ይሆናል፣ እሸት የለም።»

«እና እኔ ጉያ ውስጥ አስቀመጥሽው? ቤቴን ልቀቂልኝ!»

ፍሊቱን ከእጃቸው ተቀብላ ባቄላውንም አጎበሩንም ረጨችው፣ ጣሳው እስኪያልቅ። የለፋችበት ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ረገፈ። ናዲያ አፏን በሻርፗ ይዛ በር ላይ ቆማ ታያለች።

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ ሲበተኑ ቤዛዊት ባቄላው ስር ቁጢጥ ብላ አበባ አበባውን ታገላብጣለች። እትዬ የሺአረግ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ይዞታል?»

«ገና ነው፣ ቶሎ አይታይም።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብለው አንዱን አበባ ገለጥ አድርገው አዩ።

«እንግዲያው እስኪታይ ድረስ ቤት የምትለቂው ነገር የለም።»