አንዴ ብቻ የምትዞር ሸክላ

ሐኪሙ "ቀኝ ጆሮዋ ሞቷል፤ ግራውም እየተከተለው ነው" አለ። የነገረው ለልጄ ነው፤ እኔ አጠገቧ እንደ ቁምሳጥን ተቀምጬ።

"እኔን አናግር! ጆሮው የእኔ ነው" አልኩት።

ደንግጦ ወደ እኔ ዞረና እየጮኸ፣ "ዓመት ላይቆይ ይችላል እማማ" አለኝ።

"ማን? እኔ ነኝ ጆሮዬ?"

ፊቱ ቀላ። ልጄ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች። መድኃኒት ቤት ስትሠራ የሰው ስንት ክፉ ወረቀት አንብባ ቅንድቧ የማይነቃነቅ ሴትዮ፣ ለእናቷ ጆሮ ትነፋረቃለች። እኔ ለጆሮዬ አላዘንኩም። እስከ ዛሬ ያመጣልኝ አብዛኛው ሐሜት ነው። የማስበው ሳጥኔ ውስጥ ስላለችው ሸክላ ነበር።

ባሌ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ልጃችን ጡት ሳትጥል ሞተ። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፤ ኮቱም እስከ ቅርብ ጊዜ ነበረ፣ ብል ጨረሰው። ድምፁ ያለው ግን በአንዲት ሸክላ ላይ ብቻ ነው። ያኔ እሱ ሳለ፣ ባዛር ላይ አንድ ሰውዬ የድምፅ መቅረጫ ይዞ መጥቶ ነበር። ገብተህ ታወራለህ፤ እሱ ጥቁር ሸክላ ላይ በመርፌ እየፈለፈለ እዚያው ያስቀርልሃል። ባሌ ካልገባን ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። ሰውዬው ሸክላዋን ሲሰጠን፣ "እንደ ሱቅ ሸክላ ጠንካራ እንዳትመስላችሁ። ለስላሳ ናት፤ ባዞራችኋት ቁጥር መርፌው ይበላታል" አለን።

ባሌ ከሞተ በኋላ በጎረቤቴ ማጫወቻ ላይ ጥቂት ጊዜ ሰማኋት። በሰማኋት ቁጥር ድምፁ እየሻከረ ሄደ። ፈራሁና ከሠርግ ቀሚሴ ሥር ቀበርኳት። ልጄ ነፍስ ስታውቅ ሸክላዋ ቀድሞውንም ሳጥን ውስጥ ነበረች። አጀማመሩን አስታውሳለሁ፤ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። እሱን ሳልሰማ መደንቆር አልፈለግኩም።

ቤት እንደገባን ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። እንባዋ ቀጥ አለ።

"ማጫወቻ እገዛለሁ" አለች። "ስንሰማው ደግሞ በስልኬ እቀርጸዋለሁ።"

"አትቀርጪም።"

"ምን ማለትሽ ነው እማዬ?"

"አባትሽን ኪስሽ ውስጥ ከተሽ በየመንገዱ ልታስለፈልፊው? ሥራ ቦታ ለጓደኞችሽ 'ስሙልኝማ' ልትዪ? እሱ ያወራው ከእኔ ጋር ነው።"

"እኔስ? እኔ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም እኮ!"

"አብረሽኝ ትሰሚያለሻ።"

"አንድ ጊዜ።"

"እኔስ የቀረኝ ስንት ጊዜ መሰለሽ?"

በሩን ዘግታ ገባች። ስትናደድ በር የምትዘጋው ቀስ አድርጋ ነው፤ አባቷም እንደዚያው ነበር። አልነገርኳትም።

በማግስቱ ሳንነጋገር ተያይዘን ሄድን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ፣ አሮጌ ወረቀት ይሸታል። ባለሱቁ አንድ መነጽራም ጎረምሳ ነው፤ መነጽሩ ካፍንጫው በሚንሸራተት ቁጥር በጣቱ ይገፋዋል።

"ገና መጀመራችሁ ነው? ለጀማሪ የሚሆን አለኝ" ብሎ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ቀይ ማጫወቻ አወረደ። "ድምፅ ማጉያው ውስጡ ነው። ከፍቶ ማጫወት ብቻ።"

በአንድ እጄ ብድግ አደረግኩት። እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለለኝ።

"ይኼ ማጫወቻ ነው የምሳ ዕቃ?"

"እማዬ!" አለች ልጄ።

"ተይኝ። ዕቃ በእጅ ነው የሚታወቅ።"

ዕድሜ ልኬን ልብስ ስተኩስ ነው የኖርኩት። የከሰል ካውያ ተሸክሜ ነው ልጅ ያሳደግኩት። ቀላል ካውያ ሰነፍ ነው፤ ከባዱ ግን ራሱ ይሠራልሻል፣ አንቺ መምራት ብቻ ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ማጫወቻዎች አንድ በአንድ እያነሳሁ መዘንኩ። መነጽራሙ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አንዱን፣ ወፍራም የእንጨት ገላ ያለውን፣ በሁለት እጄም ማንሳት አቃተኝ።

"ይኼን" አልኩ።

"ጥሩ ዓይን አለዎት እማማ። ገላው ሲከብድ አይንቀጠቀጥም።"

"ዓይን አይደለም፣ ክንድ ነው።" ከዚያ የመርፌውን ክንድ በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ ላባ ተነሳ። ደሜ ፈላ። "ይኼማ ምኑን ይይዛል! ከባድ ክንድ ያለው አምጣ። ዱሮ ጎረቤቴ ባዛር ላይ የተቀረጸችውን የባሌን ሸክላ ስታዞርልኝ፣ መርፌው ሲዘልባት ሳንቲም ትጭንበት ነበር፣ ቀጥ ብሎ ይሄድላት ነበር።"

መነጽራሙ ፊቱ ተለወጠ። "ሳንቲም? ያቺ የምትሏት ሸክላ ላይ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"አሳዩኝ እስቲ።"

በሻሼ ጠቅልዬ አምጥቻት ነበር፤ ፈትቼ ሰጠሁት። ጠርዟን ብቻ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። እያዘነበለ፣ እያገላበጠ አያት። መጠበቅ አልወድም።

"ተናገር እንጂ አንተ!"

"ጥቁሩ ልባስ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ይኸው ጠርዙ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ። በመርፌ ክብደትም ታርሳለች። አንድ ጊዜ ትዞርላችሁ ይሆናል። ለሁለተኛው አልምልም።"

"ውዱን ልትሸጥልን ነው አይደል ይኼ ሁሉ ማስፈራሪያ?"

ከቆሻሻ ቅርጫት አንድ የተሰነጠቀ የድሮ ሸክላ አወጣና ቀዩ ሻንጣ ላይ አስቀመጠ። ዘፈኑ እየተንኮሻኮሸ ትንሽ ሄደ። ከዚያ መርፌውን ከክንዱ ነቅሎ አፍንጫዬ ሥር አመጣልኝ። ጫፉ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ብናኝ ተንጠልጥሏል።

"ይኼ ዘፈኑ ነው እማማ። የተላጠው።"

አንድ ጊዜ ሐር ላይ ካውያ አሳርፌ፣ ሳነሳው ሐሩ ከካውያው ጋር ሲነሳ ያየሁ ነኝ። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

"እሺ" አልኩት። "ገላው ከባድ፣ ጣቱ ቀላል። እንደሱ ነው?"

"ልክ እንደሱ ነው።"

የእንጨቱን ከድምፅ ማጉያው ጋር ገዛን። መነጽራሙ የመርፌውን ጫና ቅንጣት በምታክል ሚዛን መዝኖ አስተካከለ፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሸክላ የሚሆን ሰፋ ያለ መርፌ ገጠመ፣ ሸክላዋ መሐል የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ ፍጥነቱን በየትኛው ቁልፍ እንደምናደርግ ለልጄ አሳያት። መሞከሪያ ይሁናችሁ ብሎም አንድ ተራ ሸክላ ጨመረልን። በሩ ላይ፣ "ጠረጴዛው ካዘነበለ ግን ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው" አለን።

ጠረጴዛው የእኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ ሆነ። እግሩ እንደ እኔ እግር ወፍራም ነው፤ አይነቃነቅም። መሐሉ ላይ ውኃ የሞላ ሳህን አስቀምጬ አንዱን እግር በታጠፈ ካርቶን ደገፍኩት፤ ውኃው በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ እኩል እስኪቆም። ልጄ ጫማዋን አወለቀች። መስኮቱን ዘጋች። ስልኳን አየሁባት፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ።

"ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጪው።"

"አልነካውም።"

"እዚያ አስቀምጪው አልኩ።"

አስቀመጠችው። ታሳዝናለች፣ ግን አልለሰለስኩም። መጀመሪያ መሞከሪያውን ሸክላ አዞርን። መርፌው አልዘለለም፣ ብናኝም አላነሳ።

ከዚያ የእኛን።

ወንበሬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቼ ግራ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ መርፌውን አወረደች። መጀመሪያ የሚጠበስ ነገር ድምፅ ብቻ። ሸክላዋ ስትዞር ጠርዟ ላይ ያለው ስንጥቅ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህ... እህም... ይሰማል?"

"ይሰማል! አውራ፣ ደቂቃው እየሄደ ነው!" ብላ አንዲት ባለጌ ወጣት ጮኸችበት። እኔ ነኝ።

ልጄ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ምን ልበል እሺ? የለመድኩትን ልበል። ወደ ኋላ ጠጋ፣ ጠጋ በሉ! የወረደ ወርዷል፣ ያልወረደ ይቁረጥ! አንተ ባለ ኮፍያ፣ እግርህን ሰብስብ!"

ወጣቷ እኔ ሳቀች። እንዲህ እስቅ ነበር? ልቅ ያለ ሳቅ ነው።

"አንቺም ነይ እንጂ፣ ራቅሽ። ነይ ቁንዶ—"

ቁንዶ ይለኝ ነበር፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ነሽ ግን ታቃጥያለሽ እያለ።

"ነይ ቁንዶ—" አለ እንደገና። "ነይ ቁንዶ— ነይ ቁንዶ— ነይ ቁንዶ—"

መርፌው ተይዟል። አንዱ ስንጥቅ ላይ እየተመለሰ ያንኑ ቦታ ይዞራል።

"እማዬ፣ ላንሳው?"

"እንዳትነኪው!"

ካነሳነው ዳግመኛ ማስቀመጥ ነው፤ ዳግመኛውን ደግሞ ማንም አልማለልኝም። ከተውነው እዚያው ቦታ ላይ እየፈጨው ነው፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። እጄ ሳላዘው ሽርጤ ኪስ ገባ። ሳንቲም አለ። ያዝኩት፣ አወጣሁት። ልጄ ሳንቲሙን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም፣ ወለሉ እንዳይነቃነቅ ፈርታ ይመስለኛል። ያ መርፌ ጫፍ ላይ የነበረው ጥቁር ብናኝ ታየኝ። ሳንቲሙን ጭኔ ላይ ጣልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ለትንሽ ጊዜ ሌላ ነገር አሰብኩ። ተይው አልኩ ለራሴ። እስኪያልቅ ድረስ ይጥራኝ። ነይ ቁንዶ፣ ነይ ቁንዶ እያለ ሸክላዋም ትለቅ፣ ጆሮዬም ይለቅ፣ እኩል እንጨርስ። መጨረሻው ምን ያደርግልኛል? እሱ እየጠራኝ ነው፣ እኔ እየሰማሁ ነው።

ቀና ስል ልጄን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ሳታወጣ ከአባቷ ጋር እኩል ትላለች፤ ነይ፣ ነይ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ቃል እንደሚለምድ ሕፃን። እሷን ደግሞ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አባት "ነይ" ብሏት አያውቅም።

"ስልክሽን አምጪ" አልኳት።

"ምን?"

"አንቺም ደነቆርሽ? ስልክሽን! በጣትሽ እየሄድሽ፣ ወለሉን እንዳትረግጪው!"

በጣቷ ሄዳ አመጣችው፣ ከፈተችው፣ ዘረጋችው።

እኔ ትንሿን ጣቴን ወደ ክንዱ አስጠጋሁ። ሐር ሲተኮስ ካውያውን ልብሱ ላይ አታሳርፊውም፤ ክብደቱን ትከሻሽ ላይ ይዘሽ፣ ልብሱን ዳበስ ብቻ አድርገሽ ታሳልፊዋለሽ። እንደዚያ አደረግኩ። ክብደቴን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ያዝኩና ጣቴን ክንዱ ላይ ሰደድኩ። "ነይ ቁን—"

ጭር አለ። የሆነ ነገር ቋ አለ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች።

"—ዶ፣ ጠጋ በይ፣ አይበላሽም። እኔ የምልሽ፣ ከሰሉን አጥፍተሽ ነው የወጣሽው?"

"አጥፍቻለሁ!"

"እርግጠኛ ነሽ? ባለፈው የሰው ሱሪ—"

"አጥፍቻለሁ አልኩ እኮ! ይኼን ነው በሸክላ የምታወራው?"

"ቆይ፣ አለቀ እንዴ?"

አለቀ። መርፌው ባዶ ሜዳ ላይ ተንሸራቶ ቆመ።

ይህንን ነው እንግዲህ ይኼን ሁሉ ዓመት የረሳሁት። የፍቅር ቃል ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ስለ ከሰል ነው። ልጄ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። "እማዬ፣ የሰው ሱሪ አቃጥለሽ ነበር?" አለችኝ።

"አባትሽ ማጋነን ይወዳል" አልኳት።

ሸክላዋን ሳነሳት ልባሱ ከጠርዟ እየተቀረፈ እጄ ላይ ቀረ። መነጽራሙ አልዋሸም። በሻሹ ጠቅልዬ መለስኳት። ማጫወቻው ላይ አሁን ልጄ የሱቅ ሸክላ እየገዛች ታዞርበታለች፤ ክንዱን የምታወርደው እኔ ባሳየኋት ትከሻ ነው።

ጆሮዬ ሐኪሙ ካለው ቀድሞ ሄደ። አልጎዳኝም፣ ሐሜቱም አብሮ ሄደልኝ። ልጄ ስልኳ ላይ ያለችውን ቁራጭ ስትሰማ ከፊቷ አውቃለሁ። ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቷ ስትወጣ በሩ ላይ ትቆምና ወደ እኔ ዞራ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ ታንቀሳቅሳለች፤ ከሰሉን አጥፍተሻል? ቤታችን ውስጥ ከሰል ካየን ስንት ጊዜያችን።

"አጥፍቻለሁ!" እላታለሁ። ጎረቤት እስኪሰማ የምጮህ ይመስለኛል።