ለሩታ የተነፋው ጥሩምባ

ጀምሬ የጨረስኩት ነገር አልነበረኝም። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ አስተማሪው «ተነሥተህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ» ስላለኝ ነው። መዘምራን ውስጥ ገባሁ፤ ከኋላ ቆሜ ስዘምር ደህና ነበርኩ፤ ቁመቴን አይተው ወደ ፊት ሲያመጡኝ በሳምንቱ ቀረሁ። ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ፤ ዳቦውን ወደድኩት፣ ገዢዎቹን ግን ፈራኋቸው። ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ እግሬ እኔን ሳይጠይቅ መውጫ ይፈልጋል። አሁን ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣ እየተረከብኩ በብስክሌት ለምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። ዓሣም ያፈጣል፤ ግን ምንም አይልም።

ሩታን ያገባኋትም ጨርሼ አይደለም። «ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» እያልኩ ብዙ ጊዜ ጀመርኩ። በመጨረሻ ሰልችቷት «እሺ፣ አገባሃለሁ» አለችኝና የቀረውን እሷ ጨረሰችው።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት በከተማችን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ የተጣመረበት ውድድር ሊካሄድ ነው ተባለ። ስሙ ትራያትሎን ነው። የአሞራ ገደል ልጆች ግን ምላሳቸውን ሳያደክሙ «ሦስት ባንድ» አሉት። ሩታ ሳትነግረኝ ሄዳ አስመዘገበችኝ።

«ዋና ታውቃለህ፤ ብስክሌት እንጀራህ ነው፤» አለችኝ።

«ሩጫውንስ የት ተማርኩት?»

«ከጉማሬው። ባለፈው ክረምት ጀልባው አጠገብ ብቅ ሲል ማን ቀደመህ?»

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። እሺ አለች።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ሩታ ጠዋት ሆዷን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና የዚያኑ ዕለት ኦፕራሲዮን ሆነች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ለእኔ ትእዛዝ ሰጠኝ። እሷ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፤ ከአልጋ ስትነሣ በክንድ ደግፋት፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጣት፤ ደግሞም ብዙ እንዳታስቃት፣ ስፌቱን ያማታል።

የመጨረሻው ቀላል መስሎኝ ነበር። እኔ ማንን አስቄ አውቃለሁ? ግን በመጀመሪያው ቀን አጥሚት ሠርቼ ባቀርብላት ማንኪያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሩታ ማንኪያውን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«ኩማ፣ ይህን ልጠጣው ነው ወይስ ልቁረሰው?» አለችና ሆዷን ይዛ «ወይኔ ስፌቴ! ውጣልኝ!» ብላ አባረረችኝ።

ያን ቀን ማታ ወደ አልጋዋ ጠጋ አልኩና «ውድድሩን ትቼዋለሁ» አልኳት። «አንቺን ማን ይደግፍሻል?»

ከትራሷ ቀና አለች። «ደስ አለህ አይደል?»

«እንዴት ደስ ይለኛል?»

«ሰበብ አገኘህ። ዛሬ ደግሞ የእኔ አንጀት ሰበብ ሆነ። ስማኝ ኩማ፣ እኔ መሸለምህን አልፈልግም። የመጨረሻ ውጣ። ግን በሰው ፊት የጀመርከውን አንድ ነገር ጨርስና ልይህ። ይህን ከተውክ ምንም ነገር እንደማትጨርስ አውቄ እቀመጣለሁ።»

ሳቅ የሌለበት ንግግር ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈለግኩ። ብስክሌቱ የሚቆምበትና ሩጫው የሚጀመርበት ሜዳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ ነው። ከብስክሌቱ ስወርድ ሮጬ ቤት እገባለሁ፤ ሩታን ደግፌ አስቀምጣታለሁ፤ መድኃኒቷን እሰጣትና ወደ ሐይቁ ሩጫዬን እቀጥላለሁ። አጠገቧ የሚውሉት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስለሚሄዱ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው አልነበራትም።

እሑድ ሐይቁ ዳር ቁምጣ ብቻ ለብሼ ስቆም ቆዳዬን ትቼ ብሸሽ በወደድኩ ነበር። ውኃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ተመቸኝ። በውኃ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ከአራት ሰዎች በኋላ ወጣሁ። ብስክሌቱ ላይም ያው ነኝ፤ እንዲያውም ከኋላዬ የዓሣ ዘንቢል ስለሌለ ቀለለኝ። ሜዳው ላይ ደርሼ ብስክሌቱን ጣል አደረግኩና ላብና ውኃ ከቁምጣዬ እየተንጠባጠበ፣ ደረቴ ባዶውን፣ ወደ ቤቴ በረርኩ።

ማዶ ሱቁ በር ላይ አለሙ ተቀምጦ ነበር። አለሙ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ የሚያሳውቀው እሱ ነው። አየኝ፤ እኔ ግን ሰላም የምልበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለች ሩታ።

«ልደግፍሽ።»

«ረጥበሃል እኮ! ፍራሹን! ስንተኛ ነህ?»

«አምስተኛ ሳልሆን አልቀርም።»

«አምስተኛ ሆነህ እዚህ ታዝለኛለህ?» ኪኒኗን ከእጄ ነጥቃ ዋጠች። «ውጣ! ሩጥ!»

ወጣሁ። ትንፋሽ ስላጠረኝ ሁለት እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ነበር። ዐይኔም በሐይቁ ውኃ ደም መስሏል። አሁን ሳስበው አለሙን አልወቅሰውም። ሚስቱ ሆዷን የተቀደደችበት ሰው ራቁቱን ሮጦ ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ ዐይኑ ቀልቶ ሲወጣ ሌላ ምን ያስብ?

ጥቂት እንደሮጥኩ ጥሩምባ ሰማሁ። «ውይ፣ ማን ይሆን ደግሞ?» አልኩ በልቤ። «እግዚአብሔር ቤተሰቡን ያጽናና።»

በዚያው ሰዓት ቅዳሴ አልቆ ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ እየተመለሰ ነበር። ከፊት የሚመጡት የእድሩ ዳኛ ጋሼ ወልደአማኑኤል ናቸው። ጥሩምባውን ሰሙ፤ እኔን አዩ። ነጠላቸውን ወዲያው አዘቀዘቁና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉብኝ።

«ልጄ ኩማ! እግዜር ያጽናህ!» ብለው ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ፣ ልሂድ!»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ሐይቁ!»

«ያዙት!» ብለው ጮኹ። «ሐይቅ ሊገባ ነው!»

«ቀድሞም ገብቶ ነበር፣» አለ አንዱ ጎረምሳ ክንዴን እየጨበጠ። «አያችሁት? ርጥብ ነው።»

ባለ ሐዘን ራሱን እንዳይጎዳ በግራና በቀኝ ይያዛል፤ ወጉ ነው። ወጉን በሚገባ ያዙት። እግሬ መሬት መንካት አቆመ።

«ሩታ አልሞተችም!» አልኩ።

«አዎ ልጄ፣ አልሞተችም። በሰማይ አለች።»

«ውድድር ላይ ነኝ፣ ጋሼ!»

«ሁላችንም ውድድር ላይ ነን፣» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። «ምን ዓለም አለ ብለህ ነው?»

ከኋላዬ የነበሩት ተወዳዳሪዎች ማለፍ ጀመሩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆም ብሎ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቀ። ነገሩት። ራሱን ዝቅ አደረገና «ያጽናህ ወንድሜ» ብሎኝ ቀደመኝ።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ወደ ቤት መልሱት አሉ። የሮጥኩትን መንገድ ወደ ኋላ ተሸክመው መለሱኝ። እማማ ዘነበች ከፊት ሆነው «ሩታዬ! ትናንት እኮ ስታወሪኝ ነበር!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። የሚያለቅሰው ሰው በየበሩ እየጨመረ መጣ። በራችን ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ሩታ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው ሆዷን ይዛ ብቅ አለች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

እማማ ዘነበች እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ «አንቺ ነሻ!» አሏት።

ሩታ ሕዝቡን አየች፤ አለሙን ከነጥሩምባው አየች፤ እኔን እንደ በግ ተይዤ አየችኝ። ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። «ኧረ በእናታችሁ… ስፌቴ… አታስቁኝ…» እያለች ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ጋሼ ወልደአማኑኤል ሳቁ። ከዚያ ሁሉም።

እጄን ለቀቁኝ። ሩታ ውድድሩን ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ መንደሩ በሙሉ፣ ቅዳሴ የሄደውም ያልሄደውም፣ ቁምጣዬንና ባዶ ደረቴን አየ። ጆሮዬ ጋለ። እግሬ መውጫ መፈለግ ጀመረ፤ መውጫው ደግሞ ፊት ለፊቴ ነበር። የቤቴ በር ክፍት ነው። ሚስቴ ቁስለኛ ናት። ገብቼ ባስተኛት ማንም አይፈርድብኝም፤ እንዲያውም ደግ ባል ነው እባላለሁ።

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሩታ ሳቋን አቆመችና በሩ መሐል ቆመች።

«ደክሞሻል፣ ላስገባሽ፣» አልኳት።

«እማማ ዘነበች ያስገቡኛል።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አንተ ግን በዚህ በር አትገባም።»

«ሁሉም ጨርሰዋል እኮ።»

«አንተስ?»

እማማ ዘነበች ወገቧን ደግፈው ያዟት። እኔ ዞርኩ። ያን ሁሉ ዐይን ፊት ለፊት አየሁትና መሐሉን ሰንጥቄ ሮጥኩ።

ብዙም ሳልርቅ ባጃጅ ደረሰችብኝ። ጋሼ ወልደአማኑኤል ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አለሙ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ መንገድ ለማስለቀቅ ጥሩምባውን ይነፋል። በየመንገዱ ያለው ሰው ቆብ እያወለቀ ይቆማል።

«ማን ሞተ?»

«ማንም!» ይላል አለሙ። «ዞር በሉ!»

«ጉልበትህን ከፍ፣ ኩማ!» ይላሉ ጋሼ። «እኔ በጃንሆይ ጊዜ ለክፍለ ጦር ሮጬ አውቃለሁ!»

«ዝም ይበሉ፣ ጋሼ፣ ትንፋሹን ይያዝበት!» ይላቸዋል አለሙ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ሰው ተበትኗል። ሽልማቱ አልቋል። ሁለት አስተባባሪዎች የመድረሻውን ጨርቅ ጠቅልለው ምሰሶዎቹን ይነቅላሉ።

«ውድድሩ አልቋል፣ ወንድሜ፣» አለኝ አንዱ፣ ቀና ሳይል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይቅርታ» ብዬ እመለስ ነበር። ቆምኩ። ዙሪያውን ዓሣ የሚበላው፣ ፎቶ የሚነሣው፣ ሁሉም ወደ ጥሩምባው ዞሮ ያየኛል።

«መስመሩ የት ነበር?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ደህና አድርጌ ጮኽኩ።

አስተባባሪው ቀና አለ። «እዚህ… በእነዚህ ሁለት ዛፎች መሐል።»

«ሰዓት ያዡ ይጻፈኝ።»

«ሰዓቱን እኮ አጥፍተነዋል።»

«እንግዲያው ያለ ሰዓት ጻፉኝ።»

ጋሼ ወልደአማኑኤል ከባጃጇ ወረዱ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሡና አንዱን ጫፍ ለአለሙ ሰጡት። በሁለቱ ዛፎች መሐል ወጥረው ቆሙ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ቀስ ብለህ እለፍ፣ እንዳትቀድደው፤ የገና ነጠላዬ ነው።»

ቀስ አላልኩም። በደረቴ ገፍቼው አለፍኩና ሣሩ ላይ ወደቅኩ። አስተባባሪው እየሳቀ ስሜን ጠይቆ ከሁሉም በታች ጻፈኝ። ጋሼ ነጠላቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መረመሩት፤ ከዚያ አራግፈው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«በል ተነሥ፣» አሉኝ። «ሚስትህ ትጠብቅሃለች። አሁን ግን በባጃጅ ነው የምንሄደው።»