የቀያሹ ልጅ መስኮቶች

ችካሌ ሥራዋን የለቀቀች ቀን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመማሪያ መጻሕፍት ገጽ ስታቀናብር ኖራለች። ከመስኮቷ የሚታየው የወረቀት መጋዘኑ ጣሪያ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የወረቀት መጋዘኑ እርጥብ ጣሪያ። የመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ፣ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አንቺን ምን ነክቶሽ ነው?» ቢላት፣ «እኔን የናፈቀኝ አገሩ አይደለም፣ መስኮቱ ነው» አለችው። እሱም ሳቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ኮምፒዩተሯን በቦርሳ ይዛ ከከተማ ወደ ከተማ ትዞራለች። ሥራ የሚሰጧት በኢንተርኔት ያገኘቻቸው፣ መልካቸውን የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጠዋት ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ አገር ታያለች። ሲያወሩት እንዴት ያምር ነበር።

ችካሌ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። አባቷ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ሥራ ይዘዋት ይወጡ ነበርና፣ ችካሎቹን በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላ ከኋላቸው ትል ነበር። «ችካል አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም» ይላሉ። እሷም ችክ ካለች ዓለም ቢገለበጥ ሐሳቧን አትቀይርም ነበርና ስሙ ልኳ ሆነ።

መሄዷን ቤት ውስጥ የተናገረችው የዓይን ሐኪሙ አባቷን በመረመረ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከተጠቀሙ ብርሃኑ ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም» ብሎ ነበር። አስተማሪዋ ታላቅ እህቷ ይህን ሰምታ ዝም የምትል አይደለችም።

«አባዬ ዓይኑ እንዲህ ሆኖ ነው አንቺ አገር ላገር የምትዞሪው?»

«ተያት» አሉ አባትየው። ከዚያ ወደ ችካሌ ዞረው፣ «ሂጂ። እኔ አርባ ዓመት የሰው መሬት ስለካ አንድ ባሕር ሳላይ ቀረሁ። ሂጂና እይ። ግን ሳይጨልምብኝ ተመለሽ። የምትሄደዋን ልጅ አውቃታለሁ፤ እኔ ማየት የምፈልገው ሄዳ የተመለሰችዋን ፊት ነው።»

«ሳይጨልም እመጣለሁ» አለች። «ሲብስብህ ግን ሳትደብቅ ትነግረኛለህ።»

«እነግርሻለሁ። አንቺም ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

በዚህ ተስማሙ። አባቷ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ሰቀሉ፤ ባለቀይ ራስ መርፌም አዘጋጁ። በየደረሰችበት ከተማ አንድ መርፌ ሊተክሉ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ከተሞች እውነት ነበሩ። ድልድይ አይታ ድልድይ፣ ኮረብታ ወጥታ ኮረብታ ተናገረች። ፎቶ ትልካለች፤ እህቷ ስልኩ ላይ ታሰፋላቸዋለች፤ እሳቸው ማጉያ መስታወታቸውን ደርበው ያያሉ። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውላሉ፤ ወንዙ ወደየት እንደሚፈስ፣ ገበያው ከወንዙ በስተየት እንደሆነ ሳይጠይቁ ስልክ አይዘጉም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዛ። አንድ ድርጅት የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ በአሥራ አራት ቋንቋ እንድታቀናብርለት ሰጣት። አንዱ ቋንቋ በሦስት መስመር የጨረሰውን ሌላው ሰባት መስመር ይፈጅበታል፤ ጽሑፉ ከገጹ ያመልጣል፤ ቀስቱ ማሳየት ያለበትን ትቶ ሌላ ያሳያል። ሰዎቹ ደግሞ ከእንቅልፋቸው የሚነቁት ልክ እሷ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ነው። «ይቺን ብቻ አስተካክይልን» ይላሉ። ይቺን ስታስተካክል ይመሻል። የልብስ ማጠቢያው ሲያልቅ ማቀዝቀዣው መጣ፤ ማቀዝቀዣው ሲያልቅ ምድጃው።

ክፍሎቹም አንድ ዓይነት ሆኑ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የውኃ ማፍያ። ባለቤቶቹን አታያቸውም፤ ቁልፉ በሩ ላይ ከተንጠለጠለች ባለቁጥር ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ስትሄድም እዚያው ትመልሰዋለች። ቻው የምትለው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ከአፏ የሚወጣው ቃል ለሱቅ ሻጩ የምትለው «ከረጢት አልፈልግም» ብቻ ነበር። መመሪያው ላይ ልብስ ይዛ የቆመች፣ ዓይንም አፍንጫም ያልተሣለላት ሴት አለች፤ ችካሌ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስትከፍት እሷን ደህና አደርሽ ማለት ጀመረች። በስድስተኛው ከተማ ከግድግዳው ማዶ የሚያስነጥስ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሳታስበው «ይማርህ» አለችው፤ ከዚያ ሥራዋን አቁማ መልስ ትጠብቅ ጀመር። መልስ የለም።

ብቸኝነት ነው። ስሙን ለመጥራት ግን አፈረች። ሌላው ሰው ብቸኝነት ቤቱ ድረስ ይመጣበታል፤ እሷ ግን ሰው አልቅሶላት፣ ሻንጣ ገዝቶ ሸኝቷት፣ በእግሯ ሄዳ ነው ያመጣችው። ለማን አቤት ይባላል?

መጀመሪያ የዋሸችው በአራተኛው ከተማ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ከሱቁ አላለፈችም። አባቷ ደውለው «እህስ፣ ምን አየሽ?» አሉ። ወዲያው ኮምፒዩተሩ ላይ የከተማውን ፎቶ ከፈተችና፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ገበያ መሀል ነኝ አለች። ብርቱካን በጀልባ ይሸጣሉ፣ ሻጯ ካልቀመስሽ ብላ ያዘችኝ፣ ጭማቂው እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ አለች፤ ሳቀችም። አባቷም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለመዳት። ለዚህ ሥራ ደግሞ እጅ ነበራት፤ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ጽሑፍና የሌላ ሰው ሥዕል አገናኝታ ገጽ ስታሳምር የኖረች ናት።

ያስጨነቃት ፎቶው ነበር። ያላነሳችውን ከየት ታምጣ? ደግነቱ አባቷ በዚያው ሰሞን «ፎቶ ላኪልኝ» ማለታቸውን ተዉ። ችካሌ እፎይ አለች።

«ዓይንህስ አባዬ?» ትላለች በየሳምንቱ።

«ትንሽ ደብዘዝ ይልብኛል እንጂ ደህና ነኝ» ይላሉ።

እህቷ ግን በየጊዜው «መቼ ነው የምትመጪው?» የሚል መልእክት ትልክባት ነበር። ሌላ ቃል የለውም። ችካሌ ያው የአስተማሪ ጭቅጭቅ ነው አለችና «ይቺን መመሪያ እንደጨረስኩ» እያለች ነገ ዛሬ ስትል ስምንት ወር ሆናት።

ስምንተኛው ከተማ ባሕር ዳርቻ ያለ ነበር። አባቷ ያላዩትን ባሕር አይታ ልትነግራቸው አስባ የመረጠችው ነው። ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ባሕሩን ያየችው አንድ ጊዜ ነው፤ ስትመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በተኛ መንገደኛ ትከሻ ላይ አሻግራ። የክፍሏ መስኮት ሲከፈት ፊት ለፊት የሚገኘው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች።

እሑድ ስልኩ ጠራ።

«እህስ ችካሌ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?»

ፎቶውን ቀድማ ከፍታዋለች። ቀይ ፀሐይ፣ ግማሿ ውኃ ውስጥ፣ ሁለት ጀልባ።

«ብታየው አባዬ! መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ እየገባች ነው። ውኃው እስከ ዳር ድረስ ቀልቷል። ሁለት ጀልባ ይታየኛል።»

አባቷ ጠየቁ። «ባሕሩ ውስጥ ነው የምትገባው?»

«አዎ፣ ግማሿ ገብቷል።»

«መስኮቱ ባሕሩን ፊት ለፊት ነው የሚያየው?»

«ፊት ለፊት።»

«እንግዲያው ፀሐይ ዛሬ መንገዷን ቀይራለች» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የዚያ አገር ጠረፍ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ባሕሩ ላይ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትገባም። ልጄ፣ በሌላው ዋሺኝ፣ በፀሐይ ግን አትምጪብኝ። አርባ ዓመት የበላሁበት ሙያ ነው።»

ችካሌ ፎቶውን እንደገና አየችው። ያነሳው ሰው በጠዋት ተነስቶ ነበር ማለት ነው። 

«ንጋትን ከምሽት የሚያምታታ ሰው ከቤት አልወጣም ማለት ነው» አሉ አባቷ። «ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?»

«ምኑ?»

«ካልወጣሽ።»

ነገረቻቸው። ባሕሩ ጋ እንዳልሄደች፣ ከሦስተኛው ከተማ ወዲህ የተናገረችው ሁሉ ከኮምፒዩተር የተቀዳ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ። ቁጣ ጠበቀች። አባቷ ግን ያወጡት ድምፅ ድሮ ሜዳ ላይ ሲሠሩ የሚያወጡት ነበር፣ የሥራ ድምፅ።

«አሁን ያለሽበትን ንገሪኝ። ክፍሉ ስንት በስንት ነው?»

ተነስታ በእርምጃ ለካችው። «አምስት በአራት።»

«መስኮቱስ ምን ያያል?»

«ግድግዳ። ቧንቧ ይወርድበታል። ቧንቧው ዝጓል።»

«ወንበር ስንት አለ?»

«አንድ።»

«ማንኪያስ?»

«አንድ» አለች፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ ያላለቀሰችው፣ የስምንት ወሩ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ወጣ። አባቷ አይዞሽ አላሉም፤ እስኪያባራላት ጠበቁ።

«ምን ነበረበት ብትነግሪኝ?»

«ደስ እያለህ ነበራ። ካርታው ላይ መርፌህን እየተከልክ።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «አሁንም ካርታውን እያየህ ነው አይደል የያዝከኝ?»

«ካርታውን ካየሁት አራት ወር አለፈው።»

ችካሌ አልገባትም። «እህቴ አወረደችው?»

«የለም፣ እዚያው ተሰቅሏል። ብርሃኑ ነው የሌለኝ። የዚያን ጠረፍ ድሮውኑ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

አራት ወር። ቆጠረችው። «ፎቶ ላኪልኝ» ማለታቸውን የተዉት ያኔ ነው። እሷ እፎይ ስትል ለእሳቸው ጨልሞባቸው ነበር።

«እነግርሻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ብዬ ነበር። ልነግርሽም ደውዬ ነበር። ያን ቀን ገበያ መሀል ነኝ አልሽኝ። ብርቱካኑን፣ ጀልባውን፣ ጭማቂ እጅጌሽ ላይ መፍሰሱን ነገርሽኝ። ሳቅሽ። እንዲያ ስትስቂ ሰምቼ፣ ይቺን ልጅ ከገበያ መሀል ወደ ጨለማ አልጠራትም አልኩ። እህትሽንም እንዳትነግርሽ አስምያታለሁ።»

ያን ቀን ታስታውሰዋለች። አልጋው ጫፍ ላይ በካልሲ ተቀምጣ ነበር፤ ከፎቶው ጀርባ የልብስ ማጠቢያው መመሪያ ገጽ አርባ ተከፍቶ ነበር።

«ዛሬውኑ ትኬት እቆርጣለሁ» አለች። «ነገ በሌሊት ተነስቼ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ...»

«አትቸኩዪ» አሉ አባቷ። «የሚያስቸኩለው ነገር አልፏል። ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ።»

ይህን ሲሉ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ ከአሠሪዎቿ መልእክት መጥቶ «ይቺን ብቻ አስተካክይልን» ይላል። ክዳኑን ዘጋችው።

«አርብ እመጣለሁ።»

«አርብ ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለው እንደ ማሰብ አሉና፣ «ስትመጪ ግን በሩ ላይ ቆመሽ ተናገሪ። እህትሽ አንዳንዴ ዝም ብላ ትገባና ማን እንደሆነ ሳላውቅ እቆያለሁ።»

ችካሌ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

«ሰማሽኝ?» አሉ አባቷ።

«ሰምቻለሁ አባዬ» አለች። «እናገራለሁ።»