የቆርቆሮ ድምፅ ቀጭን ነው

ማሽኑ ለቀስተኛው መሃል ጮኸ።

የልጅቷ አጎት ለተጨማሪ ወንበር ቦታ ሊያስለቅቅ ከጥግ አንስቶ በሟቹ ወንበር ላይ ሲያሳልፈው፣ ጣቱ ሳያውቀው ማብሪያውን ነክቶት ኖሯል። አንዲት ጎረቤት አፏ ያደረሰችው የሻይ ብርጭቆ እዚያው ቀረ።

"ኧረ ጉድ! ባለቤቱ ተቀብሮ እሱ ይጮሃል?" አለች።

"የወንበሩ ሚስማር ነው" አለ አጎት፣ ላብ እያጠመቀው። "ብረት ፈላጊ ማሽን ብረት ሲያገኝ ምን ያድርግ?"

የሟቹ ልጅ ግን ክው አለች። በልጅነቷ አባቷን ተከትላ ጫካ ለጫካ ስትንከራተት ድምፅ መለየት አስተምሯታል። ሚስማር በወፍራሙ ያጉረመርማል፤ ቆርቆሮ በቀጭኑ ያለቅሳል። ይህ ያለቀሰው ከመቀመጫው ትራስ ውስጥ ነው፤ በቀጭኑ። እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። እናት አቀርቅራለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ሰፈሩ አባቷን በማሽኑ ድምፅ "ጋሽ ጢጥ" ይለው ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጫካ ሲያዘግም "ጋሽ ጢጥ፣ ዛሬስ የንጉሥ ዘውድ አላገኙም?" ይሉታል። "አግኝቼ ነበር፤ ጠበበኝና ተውኩት" ብሎ ያስቃቸዋል። የዛገ ቁልፍ፣ የፈረስ ጫማ፣ የድሮ ዘለበት፣ ያገኘውን ሁሉ ለጠየቀው ያድላል። የቆፈረውን ጉድጓድ ግን ሳይደፍን አይነሳም። "አፉን የከፈተ ጫካ አይጠግብም" ይላል። ይህን ሲል አይስቅም።

እውነቱን ነበር። እሷ ገና ጡት ሳትጥል ታላቅ ወንድሟ እንጨት ሊለቅም ጫካው ገብቶ በዚያው ቀረ። አንገቱ ላይ አባት ያሰረለት የቆርቆሮ ፊሽካ ነበረው። "ከጠፋህ ካለህበት ንቅንቅ ሳትል ንፋ፤ እኔ እመጣለሁ" ብሎታል። ያን ቀን ፊሽካ የሰማ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ግን አባት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሰማው ጀመር። ዛፎቹ መሃል ድንገት ይቆምና "ሰማሽ?" ይላታል። እሷ የሰማችው ነገር አልነበረም። ወፎቹ በሙሉ ዝም ማለታቸውን ግን ታስተውላለች፤ ያኔ የአባቷን ኮት ጨምድዳ ትይዛለች።

እናት ደግሞ ቀኑ ሲመሽ የኋላው መስኮት ላይ ፋኖስ ታኖራለች። ልጅቷ ያደገችው ይህን እያየች ነው። እናቷ ዛሬም ልጇን እንደምትጠብቅ፣ ያ ተስፋ ከተነካ እንደማትተርፍ ታውቅ ነበር፤ ወይም የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ትራሱን ወደ ጓዳ ይዛ ገብታ ስፌቱን በመቀስ ተረተረችው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ፊሽካው ነው። አፈር ጎርሷል፣ ማንጠልጠያው በስብሷል።

አግኝቶት ነበር! አግኝቶት ሲያበቃ፣ ሚስቱ ተስፋ እንዳትቆርጥ ብሎ ደበቀው፤ እግሩ እስኪከዳው ድረስም የሚፈልግ መስሎ ጫካ ሲመላለስ ኖረ። በመጨረሻም ነፍሱ የወጣችው በዚሁ ትራስ ላይ ተቀምጦ ነው። አሁን ሸክሙ ለእሷ ተረፈ። ብትናገር፣ ባሏን በቀበረች ማግስት እናቷን ልጇንም ልታስቀብራት ነው። ብትደብቅ፣ ያን ፋኖስ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታበራ ልታያት ነው።

ደብቃ ልትመልሰው ጨርቁን ስታጥፍ እጇ ቆመ። ጨርቁ የእናቷ አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ነበር። ትራሱን ገልብጣ አየችው። ከስር የአባቷ ሻካራ ስፌት ተበጥሷል፤ በላዩ የሄደው ደቃቅ ስፌት ግን የሌላ ሰው አይደለም፤ ሰፈሩን በሙሉ ሰፍታ ያለበሰችው የእናቷ ነው።

"አገኘሽው?"

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

"እማዬ... ታውቂ ነበር?"

"ትራሱን ላጥብ ስፈታው ነው ያገኘሁት። ጠቅልዬ መለስኩት።"

"ምነው ለአባዬ ሳትነግሪው?"

"ብነግረው ይቀመጣላ! አባትሽ የተቀመጠ ዕለት እንደሚሞትብኝ አውቅ ነበር። ይኸው ተቀመጠ።"

"ፋኖሱስ? ለወንድሜ አልነበረም እንዴ?"

"ለአባትሽ ነዋ፤ ሲመሽበት መንገድ እንዳይጠፋው። ልጄንማ ለብቻዬ አልቅሼ ጨረስኩት።" ድምጿ ተሰበረ። "ጨረስኩት ነው የምለው እንግዲህ።"

ልጅቷ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ውጭ ነፋሱ ተነሳ። ከጫካው በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ተቋረጠ፤ ደግሞ መጣ። ልጅቷ መዳፏን ከፍታ አየች። ፊሽካው እጇ ላይ ነው።

"ሰማሽ?" አለች። የአባቷ ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

"መች ሳልሰማ ውዬ አውቃለሁ" አለች እናት በቀስታ።

ፊሽካውን ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ መስኮቱ ላይም አኖረችው። ከዚያ ፋኖሱን ለኮሰች።

"አሁንማ የሚመሽባቸው ሁለት ናቸው" አለች፤ የፋኖሱንም ክር ከወትሮው ከፍ አደረገችው።